በቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ሌንስ አትምረጡ

የዓይን ሞራ ያለባቸው ወላጆች ላሏችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ሞራቸው እንዲወጣ ተስማምተን፣ በሞራው ቦታ ዓይን ውስጥ የሚተከለውን፣ ሩቁን ብቻ አጥርቶ የሚያሳየውን መደበኛ ሞኖፎካል ሌንስ መርጠን፣ ለንባብ መነጽር እንደሚያስፈልጋቸውም ተቀብለን ሙሉውን ከፍለን ነበር።

አባቴ ጋውን ለብሰው፣ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ተደርጎላቸው ከገቡ በኋላ አስተባባሪ ነኝ ያለች ሴት መዝገብ ይዛ ወደ እኔ ወጣች። «የመረጣችሁት የድሮው ነው፤ በመልቲፎካል ብንቀይረው ሩቁንም ቅርቡንም ያለ መነጽር ያያሉ» አለችና ከመጀመሪያው ክፍያ የሚበልጥ ተጨማሪ ገንዘብ ጠራች። ሐኪሙን ላነጋግር ስል «እጃቸውን ታጥበው ገብተዋል» አለችኝ፤ ትንሽ ላስብበት ስል ደግሞ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ «ለአባትህ ዓይን ነው እንዴ ገንዘብ የምትሰስተው?» ብላ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ገንዘቡን እዚያው ቆሜ በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው «ልዩ ልዩ አገልግሎት» የሚል ብቻ ነው፤ ሌንስ የሚል ቃል የለበትም።

አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ይህም እጇ ላይ በነበረው መዝገብ ተጽፏል። መልቲፎካል ሌንስ ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ለሩቅና ለቅርብ ስለሚያከፋፍለው የምስሉን ጥራት ይቀንሳል፣ ማታም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ሊያሳይ ይችላል፤ ስኳር ሬቲናቸውን (ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ክፍል) ለጎዳባቸው ሰዎች በአብዛኛው የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያስረዳን በኋላ ሌላ ቦታ መርምሮ የሬቲናቸውን ጉዳት ያገኘው ሐኪም ነው። አሁን አባቴ የመኪና መብራት ስለሚበተንባቸው ከመሸ አይወጡም፣ የጸሎት መጽሐፋቸውንም መነጽር አድርገው እንኳ በጭንቅ ነው የሚያነቡት። ሌንሱን አውጥቶ መቀየር ደግሞ ከመጀመሪያው የከበደ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

ቅሬታ ይዤ ስሄድ ያችው ሴት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ፈርመሃል» አለችኝ። ስፈርም «የሌንሱ ዓይነት» ከሚለው ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ዛሬ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ተሞልቷል። ሞዴሉና ዳዮፕተሩ (የሌንሱ ኃይል መጠን) የተጻፈበትን፣ ከሌንሱ ማሸጊያ ጋር የሚመጣውን ተለጣፊ ስጠይቃትም «ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል?» ብላ ቀጣዩን ተረኛ ጠራች።

ሬቲና ሳይታይ፣ የሌንሱ ዓይነት በቅጹ ላይ በግልጽ ሳይሞላ አትፈርሙ፤ ተለጣፊውንም ሳትቀበሉ ከክሊኒኩ አትውጡ።