ይሄን ኤሌክትሪሽያን ሳላመሰግን አላልፍም

የቤታችሁን ኤሌክትሪክ የሚነካ፣ የሚታመን ሰው ያጣችሁ ካላችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ስሙ እንዲወጣበት የሚወድ ዓይነት አይደለም። ግን ዝም ብዬ ባልፍ እናቴም አትለቀኝ።

የውሃ ማሞቂያችን ለወራት አሰቃይቶናል። አንዳንዴ ደህና ይሠራል፣ አንዳንዴ እናቴ ለመታጠብ ስትገባ ጠብቆ ቀጥ ይላል። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ሽታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እንቅልፍ ይነሳል።

የመጣልን ባለሙያ ብዛት! አንዱ በሩቅ አየት አደረገና «ውስጡ ተቃጥሏል» አለ። ተቀየረ፣ ተከፈለ፣ ሽታው ግን የትም አልሄደም። ሌላው ሽቦዎቹን እርስ በርስ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለለና «ከእንግዲህ አታስቡ» ብሎን ሄደ። ብሬከሩ እየወደቀ መብራት ማቋረጥ ሲጀምር የተጠራው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ለምን እንደሚወድቅ እንኳን ሳይጠይቅ ትልቅ ብሬከር ገጠመና «አሁን አይወድቅም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልወደቀም። ቤቱ ቢቃጠልም አይወድቅም ነበር! አሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል። ችግሩ ሲመለስ ስልክ ያነሳ አንድም የለም።

በዚህ ላይ አባቴ ካረፈ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ በር ላይ የሚጠይቀው «ወንድ የለም ወይ?» ብሎ ነው። የለም። ማሞቂያው ግን አለ፣ እሱን እይልን!

ይሄኛውን የጠቆመችን ጎረቤታችን ነች። ዕቃውን ሳይፈታ መጀመሪያ እናቴን ፈለጋት። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው እሷ ናት። «እማማ፣ ሽታው የሚመጣው ከየት በኩል ይመስልዎታል? ውሃው እየሞቀ ነው ወይስ ከጠፋ በኋላ?» አላት። እናቴ ጥያቄ ካገኘች አታቆምም። ስለ ሽታው ጀምራ ስለ ወገቧ ጨረሰች። ልጁ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ሰማት። ለካስ ለሁሉም ስትናገር የከረመችው «ሽታው ከማሞቂያው አይደለም፣ ግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ ሳጥን ነው» እያለች ነበር። የሰማት የለም።

ብሬከሩን አጠፋ፣ ኤሌክትሪክ እንደሌለ በቴስተር አረጋገጠ፣ ሳጥኗን ከፈተ። ሽቦዎቹ የሚገናኙባት የፕላስቲክ ተርሚናል ጠቁራ ቀልጣለች። ዞር አለና «እማማ፣ ልክ ነበሩ» አላት። ለዚህ ብቻ እንኳን ምስጋና ይገባዋል። የእናቴን ፊት ባያችሁት!

እንደገባኝ ልንገራችሁ፣ የቀረውን እሱን ጠይቁት። የተርሚናሏ ብሎን ልል ስለነበረች ነው ነገሩ ሁሉ። በደንብ ያልተያዘ ሽቦ ይሞቃል። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። ማሞቂያችን 2000 ዋት ስለሆነ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ያውም ለረጅም ሰዓት። ከቦርሳው ብዙ ዓይነት ተርሚናል አወጣ። እያንዳንዷ ላይ የተጻፈውን አሳየን፦ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፔር፣ ስንት ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ እንደምትይዝ። እኔ ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር። ሙቀት ላለበት ቦታ ፕላስቲኳን ትቶ የሸክላዋን መረጠ። ገመዱ ብዙ ቀጫጭን ክር ስለሆነ ጫፉ ላይ የብረት ቆብ አልብሶ ጨመቀው። ካለዚያ ብሎኗ ክሮቹን ትበታትናቸዋለች አለ።

ያንን በናስትሮ የተጠቀለለውን ሲፈታ አሮጌ የአሉሚኒየም ሽቦ ከመዳብ ጋር ተጠምዝዞ አገኘ። ዝም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን የሠራውን ሰው እየረገመ ሒሳብ ይጨምርብን ነበር። እሱ «እነዚህ ሁለቱ በቀጥታ አይነካኩም፣ እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ» አለና ለሁለቱም ተብላ የተሠራች ማገናኛ ገጠመ። የመብራቱን ሽቦዎች ደግሞ ዋጎ በሚሏት ማገናኛ አያያዛቸው፤ ያቺ ብርቱካንማ ምላስ ያላት፣ በጣት የምትከፈተዋ። ያንን ትልቁን፣ 32 አምፔሩን ብሬከርም መልሶ በ16 ቀየረው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ የእኛ ሽቦ ደግሞ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው አለ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይሄ ነው። እያንዳንዱን ሽቦ ካሰረ በኋላ ይዞ ይጎትተዋል። ሁሉንም፣ አንድ ሳይቀር። አንዱ ትንሽ ሸርተት ሲልበት ፈትቶ እንደገና አሰረው። ማንም አላየውም እኮ፤ እኔም በአጋጣሚ ነው ያየሁት። ከዚያ ማሞቂያውን አብርቶ ውሃው እስኪሞቅ ከእናቴ ጋር ሲያወራ ቆየ። አጥፍቶ ሳጥኗን ዳሰሳት፣ አልሞቀችም። «ማሞቂያው ደህና ነው፣ ሌላ ዕቃ እንዳትገዙ» ብሎን ወጣ። ሊሸጥልን ይችል ነበር፤ ምንም ቢለን እናምነው ነበር።

የተቃጠለችውን ተርሚናል እናቴ ወስዳ አስቀምጣታለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወጣች «እኔ ብያቸው ነበር» ትላለች። ሰልችቶናል፣ ግን መብቷ ነው።

እባካችሁ ይሄን ልጅ ጥሩት። ንጹሕ ሠራተኛ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ሰው ያከብራል። ቤታችሁ እናት ካለች ደግሞ በተለይ እሱን ጥሩት። ስልኩን ለመስጠት አስፈቅጄዋለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ። የሚሸት ነገር ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብሬከሩን አጥፉና ያኔውኑ ደውሉለት።