ኮሶዬ ወይስ ጎርጎራ? ከጎንደር ወጣ ብሎ ለመዋል

“እንግዳ መጥቶብኛል፤ አረንጓዴ ቦታ የት ልውሰደው?” የሚለውን ጥያቄ መመለስ ስለሰለቸኝ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። እኔም የተጠየቅሁት ከውጭ አገር በመጣው የአክስቴ ልጅ ነበር። ጎልፍ ተጫዋች ነውና የፈለገው ለስላሳ ሣር፣ ዛፍና ጸጥታ ነው። ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ጎርጎራ ወሰድሁት። ስህተቴ እዚያ ላይ ነው።

ጎርጎራ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለመኪናው 7,000 ብር ተስማማን፤ ማታ ላይ ሹፌሩ “የመጠበቂያ” ብሎ 1,000 ጨመረብን። በመንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው አዲስ ተብሎ የተገዛ ቢሆንም ላዩ ተለብጦ የተሸጠ አሮጌ ጎማ ኖሮ እሱም ሳይቆይ ተላጠ። ጎሚስታ እስክናገኝ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን። ጀልባው ደግሞ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሙሉው ነው፤ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ የአሥር ሰው ትከፍላላችሁ። የእኛው ሐይቁ መካከል ሞተሩ ሲጠፋ ባለ ጀልባው ካንዴላውን ፈትቶ በሱሪው ጠረገው። የአክስቴ ልጅ ጸጥታውን ያገኘው ያኔ ነው።

ጎርጎራ ምንም የለውም ማለቴ አይደለም። የደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎች ብቻቸውን መንገዱን ያስረሳሉ፤ አፄ ሱስንዮስም ልጃቸው ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት ከተማ የሠሩት በዚያው አካባቢ ነው። ግን ይህ ለሚያድር ሰው ነው። ደርሶ መልስ የሚሄድ የሚያየው ሰዓቱን ነው። የወባ ነገርም አለ፤ አጎበር ያዙ።

ኮሶዬ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኮንትራት 3,000 ብር ከፍያለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ከመናኸሪያ የአምባ ጊዮርጊስ መኪና ይዤ መንገድ ላይ እወርዳለሁ። ሙሉውን ሂሳብ ያስከፍሏችኋል፤ አትከራከሩ፣ ያም ቢሆን ከጀልባው ጋር አይወዳደርም። ገደሉ አፍ ላይ ስትቆሙ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ሣሩን የሚያስተካክለው ማጨጃ ሳይሆን በግና ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። የአክስቴ ልጅ በሦስተኛው ቀን እዚህ ሳመጣው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሄደበት።

የሩቅ ማያ መነጽር ግን ከከተማ አትግዙ። እኔ “የጀርመን ነው” ተብዬ በ2,500 ብር የገዛሁት አንዱን ጭላዳ ሁለት አድርጎ ያሳያል። ለማስጠገን ብወስደው ባለሙያው ከፍቶ ሳቀ፤ የውስጡ መስታወት በሙጫ የተለጠፈ ነበር። ጥሩ ያለው ሰው ካላችሁ ተዋሱ፤ ከሌለ ዓይናችሁ ይበቃል።

ሐምሌና ነሐሴ ጉም ስለሚሸፍነው ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሂዱ፣ ጠዋት፣ ጋቢ ይዛችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ጠይቁ። መኪና ከተከራያችሁም ስኮርታውን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ክሪክ መኖሩንም እዩ። የመጠበቂያውን ሂሳብ ሞተሩ ሳይነሳ ጨርሱት።