የኩዊን ስቱዲዮ በሞንትሩ፦ ለፍሬዲ መርኩሪ አድናቂዎች

የብሪታንያው የሮክ ሙዚቃ ቡድን የኩዊን ድምፃዊ ፍሬዲ መርኩሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1991 ለንደን ውስጥ ሲያርፍ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ያረፈበት ስፍራ ለሕዝብ ስላልተገለጸ፣ ብዙ አድናቂዎቹ እርማቸውን የሚያወጡት በስዊዘርላንዷ ሞንትሩ ነው። በከተማዋ ካሲኖ ውስጥ የሚገኘው የቡድኑ የቀድሞ ስቱዲዮ ወደ ሙዚየምነት ተለውጦ በነፃ የሚጎበኝ ሲሆን፣ ጎብኚዎች በፈቃዳቸው የሚሰጡት ገንዘብ ኤድስን ለሚዋጋው የመርኩሪ ፊኒክስ ትረስት ይውላል። በእጅ የተጻፉት ግጥሞችና አልባሳቱ መታየት የሚገባቸው ናቸው፤ ከሁሉ የሚልቀው ግን ጎብኚው በገዛ ጣቱ ድምፆቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት የማቀናበሪያ ጠረጴዛ ነው፤ ከበሮውንና ጊታሩን ዝቅ አድርጎ የሟቹን ድምፅ አጉልቶ መስማት ከየትኛውም ሙሾ ይልቅ አንጀት ይበላል። ሙዚቃውን ለማያውቅ ሰው ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። አበባ ይዞ የመጣ ደግሞ በከተማዋ ሐይቅ ዳር ወደቆመው የፍሬዲ የነሐስ ሐውልት በእግሩ መሄድ ይችላል።