«ሞተሩ ይከፈት» ላላችሁ መካኒክ ቶሎ እሺ አትበሉ፦ 7,400 ብር ከፍዬ ያልተነካች ኦይል ሲል

ጎንደርና ዙሪያዋ ላይ አሮጌ ሞተር ሳይክል የምትነዱ ወዳጆቼ፣ እኔ ተበልቻለሁ፤ እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው። የጋራዡን ስም አልጠራም። ጠርቼ ከሰው ጋር ከምካሰስ፣ እንዴት አድርገው እንዳታለሉኝ አንድ በአንድ ብናገር ይሻላል። እንደዚህ የሚሠራው ደግሞ እሱ ብቻ አይመስለኝም።

ያለችኝ ያማሃ ዲቲ 125 ናት፣ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ 86,000 ላይ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሄደችውን እግዜር ይወቀው። የእንስሳት መድኃኒትና የዶሮ መኖ ጭኜ ከአዘዞ ቆላ ድባ ስመላለስባት እኖራለሁ። የደንቢያን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው፣ ይቺ ሞተር ምን እንዳየች አይጠይቀኝም።

መስከረም ላይ ግቢ ውስጥ በቆመችበት ሥር ዘይት መታየት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሳንቲም፣ ከሳምንት በኋላ እንደ ስኒ ማስቀመጫ። ባለቤቴ «ግቢዬን ጋራዥ አደረግከው» ብላ ካርቶን አነጠፈችበት። ጠብታው የሚወርደው በግራ በኩል፣ ካቴናው የሚዞርበት የፊቱ ፒኞን ካለበት ሽፋን ሥር ነው። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ የኋላ ጎማዬ ሸርተት አለ። ወርጄ ባየው የጎማው ጎን በዘይት ወዝቷል። ያኔ ነው የፈራሁት።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ከካምቢዮው ውስጥ አንድ ዘንግ ወጥቶ ፒኞኑን ይሸከማል። ዘንጉ ከሞተሩ አካል በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ቀለበት የምትመስል ጎማ አለች፤ ኦይል ሲል የምንላት እሷን ነው። ውስጧ ቀጭን ከንፈር አላት፣ ከንፈሯን ዙሪያውን የሚያጠብቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ አለ። ዘንጉ ሲሽከረከር ከንፈሯ እየታከከች ዘይቱን ትይዛለች። ሙቀት ያደርቃታል፣ ጭቃና አሸዋ ይበላታል፣ ካቴና ከልክ በላይ ሲወጠር ደግሞ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን እየሳበ ይጨርሳታል። በአሮጌ ሞተር ላይ መሞቷ ምንም አይደንቅም። በጣም ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎችም አንዷ ናት።

ጋራዡ ውስጥ የተቀበለኝ ልጅ አጎንብሶ በጣቱ ነካ አደረጋትና አሸተተ። አላጠባትም፣ ሽፋኑን አልፈታም። «ጋሽዬ፣ ይቺ ሞተሯ መከፈት አለበት» አለኝ። ኦይል ሲል ትሆናለች ሲሉ ሰምቻለሁ ብለው «እሷማ ከውስጥ ነው የምትገባው፤ ሳይከፈት አትቀየርም» አለ። 4,500 የእጅ፣ 2,200 «የጃፓን ኦሪጅናል ሙሉ ኪት»፣ 700 ዘይት። ድምሩ 7,400። ግማሹን ቀብድ ሰጠሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ስትወስዳት እንቆርጥልሃለን» ተባልኩ፤ ስወስዳት ደግሞ ደብተሩ አልቆ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጠቁሮ ጠበቀችኝ። ከሥሯ አንዲት ጠብታ የለም። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የታጠበች ሞተር ሁሉ የተሠራች ትመስላለች፣ እኔም ከዚያ አልፌ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ አስነስቼ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጬው እያለ ወደፊት ዘለለች። ገለልተኛውን ማግኘትም መከራ ሆነ። ደወልኩ። «አዲስ ዕቃ ነው ጋሽዬ፣ እስኪላመድ ነው» አለኝ። አምስተኛው ቀን ላይ ካርቶኑ እንደገና ዘይት ያዘ። ይዣት ስሄድ «ሲታጠብ የተረፈ ዘይት ነው»፣ ሁለተኛ ስሄድ «ትንሽ ሙላባትና ንዳት»፣ ሦስተኛ ስሄድ «በቃ ኩሽኔታው ነው፣ ሌላ 3,000 ይፈልጋል»። ይሄኔ 19 ቀን አልፎኛል።

ቀኑን የቆጠርኩት በምክንያት ነው። ሕግ የሚያውቅ አንድ ዘመድ አለኝ። በ2006 በወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ ወይም አገልግሎት የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይተካልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ «ደረሰኝህስ?» ብሎ ነው። ዝም አልኩ። ለካ እያመላለሱ ቀን የሚያስቆጥሩኝ፣ ደብተሩም «የሚያልቀው» በከንቱ አይደለም።

አዘዞ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ፣ በር ላይ ምልክት እንኳ የለውም። ወሰድኩለት። ዋጋ አልተናገረም፤ መጀመሪያ የፒኞኑን ሽፋን ፈታና «ና እይ» አለኝ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። በዘንጉ ዙሪያ ቀይ ሲሊኮን እንደ ሊጥ ተለጥፏል። ሽማግሌው ሳቀ። ዘንጉ እየተሽከረከረ ሲሊኮኑ ቆሞ እንዴት አድርጎ ዘይት ይያዝ? ለሁለት ቀን ይደፍነዋል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ቁራጩ ወደ ውስጥ ከገባም የራሱን ጣጣ ያመጣል። ከዚያ በካቻቪቴው ጫፍ ከፒኞኑ ጀርባ ያሉትን ቡሎኖች አሳየኝ፤ ሁለቱን የሞተር ግማሾች አንድ ላይ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ጭንቅላታቸው ላይ የዓመታት ጭቃና ግራሶ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ካቻቪቴ የነካቸው እኔ ሳልገዛት በፊት ነው። እንግዲህ «ተከፈተ» የተባለው ሞተር፣ የ4,500 ብሩ ሥራ፣ ይኼ ነው። እኔ ራሴ ያን ሽፋን ከፍቼ ባየው ኖሮ በአንድ ደቂቃ እይዛቸው ነበር፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ቦታውን በናፍጣ አጥቦ አደረቀና የሕፃን ፓውደር ነሰነሰበት። አስነስቶ ትንሽ ዞር ብሎ መጣ። በነጩ ላይ ዘይቱ ከየት እንደጀመረ መንገዱን ሠርቷል፦ ከኦይል ሲሏ ከንፈርና ዘንጉ ላይ ከምትገባው የብረት ቀለበት መሀል። ይህን ያላደረገ ሰው ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም፣ ይገምታል እንጂ። ከካቴናው የሚረጨው ግራሶም እዚያው ስለሚከማች ብዙ ጊዜ ሰውን ያሳስታል።

ኦይል ሲሏን በመንጠቆ ሳባት። ከሞተሩ ውጭ፣ ምንም ሳይከፈት ወጣች። እንደ ድርቆሽ እጁ ላይ ተሰባበረች። ፊቷ ላይ ቁጥሯ እንዳለ ነው። ያቺው አሮጌዋ ናት! «የጃፓን ኦሪጅናል» ተብዬው ኪት ከሱቅም አልወጣ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ፣ ፊቷ ላይ የሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋቷ፣ የውጭ ስፋቷና ውፍረቷ ናቸው፣ በሚሊ ሜትር። አሮጌዋን ይዛችሁ ሱቅ ብትሄዱ ማንም በማሸጊያ ሊያታልላችሁ አይችልም፤ ማሸጊያ እንደሆነ በየቦታው ይታተማል።

ነገሩ ግን በእሷ ብቻ አላለቀም። በዚያችው የብረት ቀለበት ውስጥ ኦሪንግ የሚሏት አንዲት ክር የምታህል ክብ ጎማ አለች፣ ጠፍጥፋ ሞታለች። ኦይል ሲሏን ቀይሮ እሷን የተወ ሰው ዘይቱን በሌላ በር ያስወጣዋል። የብረት ቀለበቷም ላይ የአሮጌዋ ኦይል ሲል ከንፈር ጭረት ሠርታባታለች፤ ጥፍሬን ሳሳልፍ ያዝ ያደርገኛል። ስለዚህ አዲሷን ከንፈሯን ግራሶ ቀብቶ፣ ሞላ ያለበትን ፊት ወደ ውስጥ አድርጎ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ አስቀርቶ አስገባት፤ ከንፈሯ ያልተበላ ቦታ እንድታገኝ። በመዶሻ አይደለም፣ ከእሷ ጋር እኩል ስፋት ባለው የብረት ቡሽ ዙሪያውን እኩል እየገፋ ነው። የካምቢዮውን የአየር መተንፈሻ ቱቦ ሲያየው ጫፉ በጭቃ ተደፍኗል። እሱ ከተደፈነ ካምቢዮው ሲሞቅ አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በአዲሷም ከንፈር በኩል ይገፋዋል። ቱቦውን ነፋ አደረገው። ይኼ ነጻ ነው።

ከዚያ ዘይቱን ሲያፈስ የጠዋቱ ዝላይ ምክንያት ተገኘ። እንደ ማር እየተሳበ የሚወርድ፣ ለከባድ መኪና የሚሆን ወፍራም ዘይት። እንደልብ እንዳይንጠባጠብ ብለው የሞሉት እሱን ነው። በዲቲ ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በዚያው በካምቢዮው ዘይት ውስጥ ስለሆነ፣ በብርድ ሲረጋ ሸራዎቹ ተጣብቀው አይላቀቁም። አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ ቀጭን ዘይት ለሚበቃት ሞተር! ለአሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይሻላል የሚሏችሁን በዚህ በኩል አትስሟቸው። «ዘይት ማቆሚያ» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውንም ፍሪሲዮኗ ዘይት ውስጥ ለሆነ ሞተር አትጨምሩ፤ እኔ እንኳ ልገዛው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሒሳቡ፦ ኦይል ሲል 250፣ ኦሪንግ 30፣ ዘይት 800፣ የእጅ 500። ድምር 1,580 ብር። ሥራው አንድ ሰዓት አልሞላም።

ፍርድ እንዳላዛባ፣ ሞተር መከፈት ያለበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ሞዴል ላይ ኦይል ሲሏ ከውስጥ ጠርዝ ስላላት ሳይከፈት አትወጣም። ሁለት ምት ሞተር (ቤንዚንና ዘይት አብራ የምታቃጥል) ከሆነች ደግሞ ሌላ በሽታ አለ፦ ከሥሯ ምንም ሳይንጠባጠብ የካምቢዮው ዘይት እየጎደለ፣ ማርሚታዋ ነጭ ጭስ የምትጎለጉል ከሆነ፣ በፍሪሲዮን በኩል ያለችው፣ ፒስቶኗ የምታሽከረክረው የዋናው ዘንግ ኦይል ሲል ዘይቱን ወደ ውስጥ እያሳለፈች ነው። በማግኔት (ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው) በኩል ያለችው ከተቀደደች ደግሞ አየር ትስብና ሞተሯ ራሷን ችላ ትጮኻለች፣ ትግላለች፣ ካልደረሱላት ፒስቶኗን ትይዛለች። እነዚህ በሲሊኮንም በሽንገላም አይድኑም። ግን «ይከፈት» ያላችሁ ሰው ለምን እንደሆነ አጥቦ ያሳያችሁ። የወጣውንም ዕቃ፣ ቆሻሻም ቢሆን፣ እጃችሁ ላይ ያስቀምጥ። እኔ ዛሬ ዛሬ ሞተሬን ለሰው ከመስጠቴ በፊት የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ወስጄ ቡሎኖቹ ላይ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። እውነት ከተፈቱ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

የተሰባበረችውን ኦይል ሲል በወረቀት ጠቅልዬ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመልሻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። ብሬን ሲቀበል «ጋሽዬ» እያለ ያጎነበሰልኝ ልጅ ቀና ብሎ «ሰውዬ፣ ይሄ የኛ ዕቃ አይደለም፤ ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የእነሱ ዕቃ አይደለም፤ የእነሱ ዕቃ መቼ ገባና።

ሽማግሌው ከሠራልኝ ዛሬ 24ኛ ቀኔ ነው። ሁለቴ ቆላ ድባ ደርሻለሁ፣ አንዴ ደግሞ በአምባ ጊዮርጊስ ዳገት እስከ ዳባት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁና ልቤ ዱብ አለ። በጣቴ ብነካት ወፍራምና ሙጭጭ የምትል ናት፦ የካቴና ግራሶ።