የቤዝ ኮምቦዬ ድምፅ ሲሰባበር ስፒከሩን አትንኩ፣ መጀመሪያ ከኋላ ያለውን የሪተርን ቀዳዳ እዩ

ከወራት አገልግሎት በኋላ ስለዚህ ባለ 100 ዋት፣ ባለ 15 ኢንች የቤዝ ጊታር ኮምቦ (አምፕና ስፒከር በአንድ ሣጥን) የሚነገረው ዋናው ነገር የድምፁ መሰባበር ነው። ማስተሩ (ዋናው የድምፅ ቁልፍ) ግማሽ ሳይደርስ ወፍራሙ የኢ ክር ሲመታ ድምፁ ይሻክራል። ኖታው እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ መንኮሻኮሽ ይሰማል፣ አንዳንዴም ጭልጥ ብሎ ይጠፋና ጠንከር ያለ ምት ሲያርፍበት ተመልሶ ይከፈታል። ይህችን የመጨረሻዋን ምልክት ልብ በሏት፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

ሻጮች ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው «ስፒከሩ ተቃጥሏል፣ እንቀይርልህ» ነው። የተቃጠለ ስፒከር ወይ ዝም ይላል፣ ወይ በዝቅተኛም በከፍተኛም ድምፅ ይፋቃል እንጂ ጠንክረው ሲመቱት አይድንም። ሁለተኛው «100 ዋት ለቤዝ አይበቃም፣ 200 ውሰድ» ነው። ወንድሜ፣ ዋት በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ ለይቶ ይሰማዋል፣ ግን ትልቅ ለውጥ አይደለም። የሚንኮሻኮሽ የኬብል መሰኪያ ቀዳዳም 200 ዋት ላይ ያው ይንኮሻኮሻል።

ፍተሻው ከቤዝ ጊታሩ ይጀምራል። አክቲቭ (በባትሪ የሚሠራ) ከሆነ ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ በመልቲሜትር ለኩት። አዲስ አልካላይን ከ9 በላይ ያሳያል፤ ወደ 7 ሲወርድ ጠንካራው ምት መቀደድ ይጀምራል። ኬብሉ ቤዙ ላይ እንደተሰካ ካደረ በውስጡ ያለው ፕሪአምፕም (የመጀመሪያው ድምፅ ማጉያ) በርቶ ያድራል፣ ባትሪውን የሚጨርሰውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ኬብል ቀይሩ፣ ጌኑንም (አምፑ ላይ ያለውን የመግቢያ ድምፅ ቁልፍ) የክሊፕ መብራቷ (ድምፁ ከልክ ሲያልፍ የምትበራዋ) በኃይለኛ ምት ብቻ ብልጭ እስክትል ዝቅ አድርጉ። ከዚያ የዲአይ መውጫውን (ድምፁን ከአምፑ በቀጥታ ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያወጣውን) ወደ ሚክሰር ስደዱት። እዚያ ንጹሕ ከተሰማ ቤዙ፣ ኬብሉና የአምፑ መግቢያ ነፃ ናቸው።

አሁን ከኋላ ሴንድና ሪተርን የሚሉትን፣ የኢፌክት መሣሪያ የሚሰካባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር የጊታር ኬብል አገናኟቸው። ድምፁ ወዲያው ከጸዳ በሽታው ተገኘ። ምንም ሳይሰካ ሲቀር ድምፁን ከአምፑ ፕሪአምፕ ወደ ፓወር አምፕ (ስፒከሩን ወደሚነዳው ክፍል) የምታሳልፈው ሪተርን ቀዳዳ ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ናት። የኬብል ጃክ ሲገባ ትለያለች፣ ሲወጣ ተመልሳ ትገጥማለች። ኢፌክት የማይሰካበት አምፕ ላይ ግን ለወራት ሳትነካ ትቀመጥና ፊቷ ይጠቁራል፣ አቧራም ይይዛታል። ደካማው ድምፅ ያንን ሽፋን ማለፍ ያቅተዋል፣ ጠንካራው ሰብሮት ያልፋል። ድምፁ በከባድ ምት የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። አምፑን አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉት። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ የኬብሉ ጃክ ጫፍ ላይ ትንሽ ረጭታችሁ ሪተርኑ ውስጥ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል አስገቡ፣ አውጡ፤ እስኪደርቅ ጠብቁና አብሩት። የማሽን ዘይት ግን አትጠቀሙ፣ ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል። ችግሩ ከተመለሰ የሪተርኑን ቀዳዳ ማስቀየር ነው። ሣጥኑን ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ።

አጭሩ ኬብል ካልረዳ ያን ጊዜ ወደ ስፒከሩ ሂዱ። አምፑ ጠፍቶ ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች ግራና ቀኙን እኩል ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ያለ ድምፅ ገብቶ ከተመለሰ ደህና ነው፣ የሚፋቅ ነገር ከተሰማ ኮይሉ (ወረቀቱን የሚገፋው የሽቦ ጥቅል) ከቦታው ወጥቷል። ብሎኖቹንም አጥብቁ፣ ግን በልክ፤ እንጨቱ ከተበላ አይይዝም።

አንድ ነገር ሻጮቹ ላይ ያናድደኛል። ሱቅ ውስጥ አምፑ ላይ ያለውን የቤዝ (የወፍራም ድምፅ) ቁልፍ እስከ ጥግ ከፍተው ያሰማሉ። ዝቅተኛው ኢ 41 ኸርዝ ነው። እዚያ አካባቢ 6 ዴሲቤል መጨመር አራት እጥፍ ኃይል፣ 15 ዴሲቤል ደግሞ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይጠይቃል። እንደዚያ አድርጎ የሚጫወት ሰው ንጹሕ ድምፅ ከየትም አያገኝም። ቁልፉ መሃል ላይ ይሁን፤ መድረክ ላይ ቤዙ አልሰማ ካለ ሚዱን (የመካከለኛውን ድምፅ ቁልፍ) ጨምሩ። የመብራት ነገርም አለ። ማታ ኃይል ደክሞ 220ው ወደ 190 ሲወርድ፣ ከባዱን የድሮ ትራንስፎርመር የሚጠቀም እንደዚህ ያለ አምፕ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ቀን ላይ ንጹሕ የነበረውም ይቀደዳል። ስቴብላይዘር እዚህ ላይ ዋጋውን ያወጣል።

ለዚህ ኮምቦ ባወጣሁት ብር አልቆጭም። ፓወር አምፑም ስፒከሩም ጤነኛ ናቸው፣ ለዝቅተኛው ኖታ የሚሰጠውን ሙላት እወደዋለሁ። ያልወደድኩት አምራቹ ድምፁ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ርካሽ የሪተርን ቀዳዳ ማስገባቱን ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ አጭር ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ ሳትሰኩት ኢውን በለስላሳው መትታችሁ እስኪጠፋ አድምጡ፣ ከዚያ ሰክታችሁ ድገሙት። ልዩነት ካለ ዋጋውን በዚያ ተከራከሩና ውሰዱት። ልዩነት ሳይኖር ከተሰባበረ ግን ተዉት።