ለደሴ ጌም ቤት የቱ ይሻላል? ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ወይስ ሲሪስ ኤክስ

ሁለቱም የማይክሮሶፍት ጌም ማጫወቻዎች ናቸው፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. አብረው ገበያ ላይ ዋሉ። ፕሮሰሰራቸው ባለ 8 ኮር ነው፣ ጌም የሚቀመጥበት ኤስኤስዲያቸውም እኩል ይፈጥናል። የሚራራቁት በግራፊክስ ነው፦ ኤክስ 12 ቴራፍሎፕስ (የግራፊክስ አቅም መለኪያ)፣ ኤስ 4። ራማቸው የኤክስ 16፣ የኤስ 10 ጊጋባይት ነው።

ልዩነቱ ደምቆ የሚታየው ግን ፎርኬ ቲቪ (ከፉል ኤችዲ የጠራ ምስል የሚያሳይ) ላይ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ 32 ኢንች ፉል ኤችዲ ደርድሮ ኳስ ለሚያጫውት ቤት የኤስ ምስል ከበቂ በላይ ነው።

ዋናው ጉዳይ ዲስኩ ነው። ኤስ ዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ ሁሉም ጌም በኢንተርኔት ይወርዳል፣ ትልልቆቹ ደግሞ ከ100 ጊጋባይት ያልፋሉ። ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ያራቁታል። ባለ 512 ጊጋባይቱ ኤስ ላይ ለጌም የሚተርፈው 364 ያህል ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ቢሰኩም የአዲሱ ትውልድ (ለእነዚህ ማጫወቻዎች የተሠራ) ጌም እዚያ ይቀመጣል እንጂ አይጫወትም፤ መጀመሪያ ወደ ማጫወቻው የውስጥ ማከማቻ መመለስ አለበት።

ስለዚህ ለጌም ቤት ዲስክ ማስገቢያ ያለውን ኤክስ እንመርጣለን። ሲገዙ ፊቱን ይዩ፤ ነጩ ኤክስ ያለ ዲስክ ማስገቢያ ነው የሚመጣው። ዲስክ ቢኖርም ማጫወቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጀመር ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ኤስ የሚያሸንፈው በመብራት ነው፤ የሚወስደው ኃይል የኤክስን ግማሽ ያህል ስለሆነ በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። እንደ ኮምቦልቻ ሞቅ ባለ ቦታ ኤክስን ያስቀመጠ ሰው ከላዩ ምንም አይጫንበት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በአናቱ ነው።