ሳይሰበር ጄሶ፡ የአባዬ እግር እና የማርቆሱ ጄሶ ክፍል

ደብረ ማርቆስ አባቴን ስላሳከምኩበት ጄሶ ክፍል ልንገራችሁ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አልናገርም የምማረርበትም ስላለ።

አባዬ ከቢቸና እኔ ጋ የመጣው ለስኳር ክትትል ነው፣ ከአውራ ጣቱ ስር ውስጥ እግሩ ላይ የወጣበት ቁስል አምስት ወር ሙሉ አልድን ብሎት ነበር። መድኃኒት አጥቶ አይደለም፣ መርገጡን ስላልተወ ነው። ስኳሩ ነርቩን ስለጎዳው አያመውም፣ ካላመመው ደግሞ ማን ያስቀምጠዋል፣ አትርገጥበት ስንለው እሺ ይልና ጠዋት ስንነሳ ኪዳን ሊያደርስ ወጥቷል!

ሐኪሙ የደም ዝውውሩን አይቶ፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩን አረጋግጦ (ዝውውሩ ከደከመ ወይ ኢንፌክሽን ካለ አይታሰርም) ጄሶ ይታሰርለት ሲል ደነገጥኩ፣ ጎረቤቱማ «ወጌሻ አሳያችሁት?» እያለ ጨረሰን። ጥጥ አያበዙበትም፣ ከእግሩ እስከ ጉልበቱ ስር ልክ በቅርጹ ይጠቀልሉትና ሲረግጥ ክብደቱ ቁስሉ ላይ ብቻ ማረፉ ቀርቶ ውስጥ እግሩ በሙሉ እና ባቱ ይካፈሉታል። ድሮ እግራቸው የማይሰማቸው የሥጋ ደዌ ታካሚዎችም ይታከሙበት ነበር አሉ። ለኔ ግን ትልቁ ነገር «አባቴ፣ ይቺን እርስዎ ማውለቅ አይችሉም» የተባለው ነው፣ በቃ ተገላገልን።

ችግሩ የመጀመሪያው ጄሶ እብጠቱ ሲቀንስ ስለሚላላ በሦስተኛው ቀን መቀየር ነበረበት፣ ስንሄድ ጄሶ አልቋል ተባልን፣ ከውጪ ገዝተን ተራ እስኪደርሰን ሁለት ቀን አለፈና ቅልጥሙ ላይ ተልጦ ተገኘ። ተናድጄ ብዙ ተናገርኩ፣ አሳሪው ልጅ ግን እጁ ወርቅ ነው እሱን አልወቅስም።

ሌላ ማንም ያልነገረን፣ ጄሶው አንዱን እግር ስለሚያስረዝም ወገቡን አመመው፣ ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ የሌላኛው እግር ጫማ ላይ የመኪና ጎማ አስመታሁለት፣ ተስተካከለ። ክረምት ስለነበር ደግሞ ፌስታል ሳናስር ከደጅ አናወጣውም።

በየሳምንቱ እየተቀየረ በሰባተኛው ሳምንት ቁስሉ ገጠመ። ጄሶው ከ5 5፣ አገልግሎቱ 2። የምትሄዱ ከሆነ ጄሶና ፋሻ ገዝታችሁ ይዛችሁ ግቡ፣ ቤት ደግሞ እስኪያመው አትጠብቁ አያመውማ፣ ከሸተተ፣ ከረጠበ ወይ ካተኮሰው ቀጠሮ ሳትሉ በባጃጅም ቢሆን ሩጡ።